አጥር የገባሁ ጊዜ፦ የሸዋሮቢት ግርሻ

በጣሊያን ጊዜ ሸዋሮቢት ላይ በግርሻ፣ ለቀቀ ሲሉት በሚያገረሽ ትኩሳት፣ ታምሜ ድኛለሁ። በሽታው ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ለማውራት ብቻ አይደለም። ከእኔ ጋር ከታመሙት ብዙዎቹ የሞቱት መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን መድኃኒቱን የያዘውን ሰው ማመን አቅቷቸው ነው። ላለማመናቸውም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ወረርሽኝ በገባበት አገር የሚያዝም የሚታዘዝም ሰው ይህን ቢያነበው አይጎዳም ብዬ አምናለሁ።

ከወረራው በፊት አዲስ አበባ በአንድ ጋዜጣ ቤት ወሬ አሰባሳቢ ነበርኩ። ጠላት ሲገባ ጋዜጣው ተዘጋ። እኔም ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ይፋት ወርጄ እህቴ ቤት ተጠጋሁ። እህቴ እትዬ ዘሃራና ባሏ ጋሼ ይማም ከሸዋሮቢት ወጣ ብሎ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸው ትንንሾች ናቸው፤ ቤቱ አንድ ክብ ቤት ነው።

ጣሊያን ያን ጊዜ ከጣርማ በር ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ያስቆርጥ ነበር። ሠራተኛው ከየአገሩ ተሰብስቦ ሮቢ ወንዝ ዳር ድንኳን ውስጥ ተደራርቦ ያድራል። ውሃው ቅርብ ቢሆንም ለማጠቢያ ጊዜ አይሰጠውም። አንዱ ሲሞት ብርድ ልብሱ በማግሥቱ አዲስ ለገባው ይሰጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ዘመድ የሌለው የመንገድ ሠራተኛ ሞቶ ጓደኞቹ በቃሬዛ ወደ መስጊዳችን አመጡት። የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሰዒድ «ይህን እንግዳ ማን ያጥብልኝ?» ብለው ሲጠይቁ ሐሰን የሚባል ጎረቤታችንና እኔ ተነሣን። ጀናዛ ማጠብ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ዘመድ የሌለውን ማጠብ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በአገራችን ልማድ የሟቹ ልብስ ላጠበው ሰው ይሰጣል። ሐሰን እጀ ጠባቡንና ሽርጡን ወሰደ፤ ለእኔ ቡልኮው ደረሰኝ። ወፍራም፣ ደህና ቡልኮ ነበር። የዚያኑ ሌሊት ለበስኩት።

አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ጤፍ ስንወቃ ራሴን መታኝ። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ወገቤና ባቴ በዱላ እንደተደበደበ ሰው ታመመ። እትዬ ዘሃራ ግንባሬን ነክታ «ንዳድ ነው» አለች። በቆላ ትኩሳት ሁሉ ንዳድ፣ ማለት ወባ፣ ነው የሚባለው። ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ ፌጦ በጥብጣ ቀባችኝ። ሲብስብኝ ጋሼ ይማም በአህያ ጭኖ ወደ ጣሊያኑ ካምፕ ሕክምና ወሰደኝ።

ሕክምናው ማለት አንድ ድንኳን ነው፤ መጠበቂያው የግራር ጥላ ነው። ወታደር መጀመሪያ ይገባል፤ ቀጥሎ የመንገድ ሠራተኛ፣ መጨረሻ ላይ የአገር ሰው። ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ ጥላው ሲዞር እኛም አብረን ስንዞር ዋልን። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ «እዚህ ፀሐይ ካልገደለን ኪኒን ይሰጡናል» አለች፤ ያመማቸው ሰዎች ሳቁ። ተራዬ ሲደርስ አስታማሚው ምላሴን እንኳ ሳያይ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒን ለንዳድ ነው፤ የእኔ በሽታ ንዳድ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

ትኩሳቱ ከቀናት በኋላ በአንድ ሌሊት በላብ ወጣልኝ። እህቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ዶሮ አረደች። ጎረቤት እየመጣ «እንኳን አላህ ማረህ» አለኝ። እንደ ልማዳችን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መደቤ ላይ ተቀመጠ፤ ማታ ማታ ሲበርድ ቡልኮውን ከእኔ ጋር ለሁለት ለሦስት ሆኖ ደረበ።

ሌላ ሳምንት ያህል ደህና ሆንኩ። ከዚያ አገረሸብኝ። ፊተኛው ትኩሳት ከኋለኛው ጋር ሲነጻጸር ቀልድ ነበር። ዓይኔ ቢጫ ሆነ፣ ነስር ያዘኝ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር በግራ በኩል ያበጠ ነገር መተንፈስ ከለከለኝ። ሐሰንም በዚያው ሰሞን ወደቀ። መደቤ ላይ ተቀምጠው ከጠየቁኝ ጎረቤቶችም አንዳንዶቹ ወደቁ።

አዋጁ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። የካምፑ አዛዥ የነበረው ካፒታን በገበያ ቀን አስተርጓሚውን ከጎኑ አቁሞ አስነገረ። በሽታው የሚተላለፈው በቅማል ነው፤ ልብስ ሁሉ ይቀቀል፤ ለቅሶ መቀመጥና ጁምዓ መሰብሰብ ተከልክሏል፤ የታመመ ሁሉ ወደ በሽተኞች ድንኳን ይምጣ፤ በሽተኛ የደበቀ ቤቱ ይቃጠላል አለ።

ጋሼ ይማም ገበያ ነበርና የሆነውን ሁሉ ነገረን። አዋጁ እንዳለቀ ከሕዝቡ ኋላ አንዱ «ቅማል ነው የሚገድለን? መትረየሱንስ ማን ነው የሚተኩሰው፣ ቅማሏ ናት?» አለ። ገበያው በሳቅ አወካ። አስተርጓሚው ምን እንደተባለ ለካፒታኑ ሳይነግረው ቀረ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰውየው ስለ ቅማሉ የተናገረው እውነት ነበር። ግን ያን እውነት የተናገረው አፍ ባለፈው ዓመት መንደር እንዲቃጠል ያዘዘ አፍ ነው። በሽተኛ አምጡ ሲል አርበኛ ሊቆጥር ነው አልን። ልብስ አውልቁ ሲል ሴቶቻችንን ሊያዋርድ ነው አልን። የበሽተኞቹ ድንኳን በእሾህ አጥርና በዘበኛ የታጠረ ነበር፤ የገባ ሲወጣ አላየንም። «እገሌ አጥር ገባ» ከተባለ ዘመዶቹ ማልቀስ ይጀምሩ ነበር።

ካፒታኑ ቃሉን ጠበቀ። በላይኛው መንደር ሁለት ልጆቿን የደበቀች ሴት ቤት ተቃጠለ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ሰው በሽተኛ አለኝ ብሎ አልነገረም። ካፒታኑ ይህን ሲያይ በሽታው የቀነሰ መስሎት ነበር ይባላል። የቀነሰው ግን የሚነግረው ሰው ነው። በሽተኛውን በየሌሊቱ ከመንደር ወደ ማሽላ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ሌላ መንደር ማሸሽ ተጀመረ። በሽታውም አብሮ ተሸሸገ፤ በሄድንበትም ሁሉ አብሮን ሄደ።

ሐሰንንና እኔን ማሽላ ውስጥ ባለች የጥበቃ ጎጆ ጎን ለጎን አስተኙን። እትዬ ዘሃራ እንስራ አዝላ ውሃ የምትቀዳ መስላ ትመጣለች። ባየኋት ቁጥር ዓይኗ አብጦ ነበር። ሐሰን እዚያው አጠገቤ ሞተ። በሕይወት ሳለ ከተናገራቸው ነገሮች የመጨረሻው «ሙሄ፣ የማሽላው ወፍ ይሰማሃል? ማንም እየጠበቀው አይደለም እኮ» የሚል ነበር። እውነቱን ነው። የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ታሞ ወይም በሽተኛ ይዞ ነበርና ወፉ አዝመራውን እየበላ ነበር።

ከሐሰን ሞት በኋላ እህቴና ባሏ በእኔ ጉዳይ ተጣሉ። ጎጆዋ በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

«ዘሃራ፣ አጥር ይግባ። እዚህ ቢቆይ ይሞታል።»

«እዚያ ቢገባስ? ማን ወጥቶ አየህ?»

«መርፌ አላቸው ይባላል።»

«ወንድሜን ለጣሊያን አልሰጥም! ይልቅ እውነቱን ተናገር፤ ቤቱ እንዳይቃጠል ፈርተህ ነው።»

ጋሼ ይማም «አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለ። «ልጆች አሉኝ። ለሱም ፈርቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።»

እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ሥራዬ ወሬ ማጣራት ነበር። ከዚያ አጥር ውስጥ ግን የተጣራ ወሬ የሚያመጣ ሰው አልነበረም።

የተጣራውን ወሬ ያመጡልን ሼህ ሰዒድ ናቸው። ሐሰን በሥርዓቱ ሳይሰገድበት በመቀበሩ እጅግ አዝነው ነበር። ጋሼ ይማምን አስከትለው በጠራራ ፀሐይ ወደ ካምፑ ሄዱ። የተነጋገሩትን ጋሼ ይማም እንዲህ ነገረኝ።

ሼሁ በአስተርጓሚው በኩል «በሽተኛ አምጡ ትላለህ፤ ሕዝቡ አያምንህም» አሉ።

ካፒታኑ «ሕግ ለጣሰ ቅጣት አለው» አለ።

«ያቃጠልከው አንድ ቤት ነው። የደበቅከው ግን የአገር ሙሉ በሽተኛ ነው። አሁን ስንት እንደታመመ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።»

ቀጥለው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ቤት ማቃጠል ይቁም፤ የበሽተኛው ዘመድ በየቀኑ አጥሩ ድረስ መጥቶ በዓይኑ ይየው፤ የሞተው ሬሳ ለዘመዱ ይሰጥ። ከሁሉ በፊት ግን እሳቸው ራሳቸው ገብተው ይዩ። ካፒታኑ ተቆጥቶ ጠረጴዛ መታ። ሐኪሙ፣ ራሱም ከእንቅልፍ ማጣት ዓይኑ የቀላ ሰው፣ በቋንቋቸው ብዙ አናገረው። ካፒታኑ በመጨረሻ እሺ ያለው ለእኛ አዝኖ አይመስለኝም። ሠራተኛው አልቆ መንገዱ ቆሞበት ነበር። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እሺ አለ።

ሼሁ ከአጥሩ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ ጎጆ መጡ። በጠና የታመመ ሰው ፊት እውነት መናገር ከባድ ነው። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ያዩትን ሁሉ ነገሩን።

«ዘሃራ ልጄ፣ ገብቼ አየሁ። ሰው ይሞታል፤ አልዋሽሽም። ሁለት ጀናዛ አይቻለሁ። አልጋው አይበቃም፤ መሬት ላይ የተኛ አለ። ግን መርፌ አለ። በመርፌው የዳኑም አሉ፤ አናግሬያቸዋለሁ። ልብስ ይቀቀላል። ክፉ ቃል ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ሲደበድቡ ግን አላየሁም። ያላየሁትን አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ሼኽዬ?»

«የእኔ ልጅ ቢሆን አስገባው ነበር።»

እትዬ ዘሃራ ብዙ አሰበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሙሄ፣ በየቀኑ እመጣለሁ። አጥሩ ላይ ካላየሁህ አጥሩን በእጄ ነው የምነቅለው» አለችኝ። በዚያው ምሽት በአህያ ወሰዱኝ።

በዚያ ሳምንት ሼሁ ሌላም ነገር አድርገዋል። ከሐኪሙ የለመኑትን ባዶ የሬንጅ በርሜል መስጊዱ ግቢ አስጥደው ውሃ አፈሉ። የሟች ልብስ ለአጣቢው መስጠት ሐላል ነው፤ ከእንግዲህ ግን በፈላ ውሃ ሳይቀቀል ማንም እንዳይነካው አሉ። ሰዉ ሲያመነታ የራሳቸውን ጀለቢያና ኩታ አውልቀው በርሜሉ ውስጥ ከተቱና በሽርጥ ብቻ ቀሩ። አንዲት አሮጊት «ሼኽዬ፣ ይብቃዎ፤ ከዚህ በላይ እንዳያወልቁብን!» ብለው ሰዉን አሳቁት። ከዚያ በኋላ ልብሱን ይዞ የማይሰለፍ አልነበረም። ወሬው ተሰምቶ በአቅራቢያችን ያሉ የቀወት ክርስቲያኖችም ከቄሳቸው ጋር ተማክረው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲሁ አደረጉ። «ከጠላት አፍ የሰማነውን እንዴት እንቀበላለን?» ላሏቸው ሼሁ የመለሱት አጭር ነበር። «ሐቅ ማንም ቢናገረው ሐቅ ነው። እኔ አጣርቼዋለሁ፤ ውሸት ከሆነ እኔን ጠይቁ።» ባንዳ ብሎ የሰደባቸውም ነበር። ሰምተው አለፉት።

ወደ አጥሩ ልመለስ። ጸጉሬን ላጩኝ፤ ልብሴን ወሰዱ። ያ ቡልኮ በሽቦ ተይዞ ወደ እሳቱ ሲሄድ አየሁት። ሐኪሙ ጣቴን ወግቶ ደሜን በማጉያ መስተዋት አየና በአስተርጓሚው በኩል «ንዳድ አይደለም» አለኝ። የኪኒኑ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ።

መርፌውን ክንዴ ላይ ወጉኝ። በሽታውን ይገድላል፤ ነገር ግን በሽታው ሲሞት በሽተኛውን ይዞት ሊሄድ ይደርሳል። ጥቂት ቆይቶ የመጣብኝ እንቅጥቅጥ አልጋውን ከመሬት አነሣው ማለት እችላለሁ። ጥርሴ ሲጋጭ ምላሴ ተቆረጠ። እንደምሞት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሸሃዳ ለማለት ስሞክር አፌ እምቢ አለኝ። ከጎኔ የተኛው ተክሌ የሚባል የደብረ ሲና ሰው፣ ድንጋይ ፈላጭ የነበረ፣ ራሴን በሁለት እጁ ያዘኝ።

«አይዞህ ሙሄ፣ እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ያልፋል። ብቻ አልጋህ የኔንም እየጎተተ ነው። መሄዳችን ካልቀረ ወደ ደብረ ሲና በኩል አድርገው፣ እናቴን ልይ።»

እንቅጥቅጡ ሲያልፍ ላቡ መጣ፤ ከላቡ በኋላ እንቅልፍ። ነቅቼ የጠየቅሁት ውሃ ነበር። ተክሌ የራሱን ድርሻ ሰጠኝ፤ በዚያ ሙቀት ውሃ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ቆላ የኖረ ያውቀዋል።

በማግሥቱ እህቴ አጥሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ማለት ስላልቻልኩ ተክሌ ክንዴን አንሥቶ አወዛወዘላት። «ይሄ የሱ እጅ ነው ወይስ የአንተ?» ብላ ጮኸች። «የሱ ነው እመቤቴ፤ የኔማ ከዚህ ይወፍራል!» አላት። በሌሎች ቀናት አጥሩ ላይ የሚቆመው ሰው እየበዛ ሄደ። ሰው ዘመዱን ካየ በኋላ ወደ ቤቱ ሄዶ ያየውን ይናገራል። ካፒታኑ በአዋጅና በእሳት ያላገኘውን፣ ዘመዶች በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ አመጡለት። በሽተኛ በቀን ብርሃን መምጣት ጀመረ።

እግሬ ጸንቶ ስወጣ ግን ጋሼ ይማም ታመመ። መጀመሪያ አጥር ይግባ ያለው እሱ፣ እምቢ ያለችው እሷ ነበሩ። አሁን እሷ ራሷ በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ፣ በአህያ አስቀምጣ አመጣችው። መርፌውን ተወጋ። እኔ ባለፍኩበት እንቅጥቅጥ ውስጥ ልቡ አልቻለም፤ በዚያው ሞተ። ሬሳውን ያለ ክርክር ሰጡን። ካፒታኑ የሰዉ ብዛት እንዲወሰን አዝዞ ነበርና ቀብሩ ላይ በጥቂቱ ሆነን፣ ራቅ ራቅ ብለን ቆመን ሰገድንበት። ሼሁም ይህን ትእዛዝ አጽድቀውታል።

ተዕዚያ ሊያደርስ፣ ሊያጽናናን የመጣው ሰው ከግቢው ውጭ ሣር ላይ ተራርቆ ተቀመጠ። ሁሉም የሚጠብቀው እህቴ የምትናገረውን ነበር። አጥሩን ብትረግም፣ «ገደሉብኝ» ብትል፣ በማግሥቱ በሽተኛው ሁሉ ወደ ማሽላው እንደሚመለስ አውቅ ነበር። ሼሁም ያውቁ ነበር፤ ግን የምትለውን ለእሷ ተዉላት። ጎረቤታችን እትዬ ሎሚ፣ ልጇ ከትላንት ጀምሮ ትኩሳት የያዛት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ዘሃራዬ፣ ባታስገቢው ይድንልሽ ነበር እንዴ?»

እህቴ ወደ እኔ አየች። 

«አላውቅም» አለች። «ወንድሜን አስገባሁት፣ ወጣ። ባሌን አስገባሁት፣ ሞተ። መርፌውን ሲወጋ አይቻለሁ። ውሃ ሲሰጡት አይቻለሁ። አልደበቁኝም። ሐሰን ማሽላ ውስጥ ሲሞት ግን የሰጠነው ምንም አልነበረም።» ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ «ልጅሽ መቼ ጀመራት?» አለቻት።

«ትላንት ማታ።»

«ታዲያ ምን ታስቀምጫታለሽ? አህያው እዚያ ቆሟል፤ ጫኛት። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም ሊላት የቃጣው ሰው ነበር። ሼሁ ተነሥተው አህያውን ራሳቸው ፈቱላት።